ያልታረመው አድራሻ

ቁጥሩን ልሳሳት እችላለሁ... ቀኑንም እንደዚያው። ዕድሜ ነው። የነገሩን ፍሬ ግን ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነው የጻፍኩት።

«በእናንተ ዘንድ የተበደለ ሰው ቅሬታውን ለማን ነው የሚያቀርበው?» አሉ ሰብሳቢዋ።

ሊቁ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

ሊቁ ቅጽል ስሙ ነው። ያወጣለትም ራሱ ነው።

ይህ ሰው ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጀምሯል። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ውስጡም ለሁሉም ክፍት ነው። የፈለገ ሰው ገልጦ ያያል፣ ስህተት ሲያገኝ አርሞ ይልካል። ሊቁ ደግሞ እርማቱን አይቶ ያስገባል ወይም ይመልሳል።

ሥራው ይኸው ነበር... እሱ ግን ዙፋን አደረገው።

አንዲት ዓይነ ስውር የስልክ ኦፕሬተር «ፕሮግራሙ የመጨረሻውን መስመር ይውጠዋል» ብላ ጻፈች።

«ጆሮሽን ተመርመሪ» ብሎ መለሰላት። ያውም ሁሉም ሰው በሚያየው ገጽ ላይ።

አንድ የሒሳብ መምህር ያንኑ ስህተት አርሞ ላከ።

«በእግርህ ነው የጻፍከው?» አለውና መለሰበት።

ታላቅ እህቱ የጥርስ ሐኪም ናት። አንድ ቀን ቁርስ ላይ በትከሻው አሻግራ አነበበች።

«ሰው እንዲህ ይባላል እንዴ?»

«አንቺ አይገባሽም። ሥራ ነው።»

«እኔም ቀኑን ሙሉ የሰው ጥርስ ስነቅል ነው የምውለው። አንድም ሰው ሰድቤ አላውቅም።»

ሳቀባት።

ሰው መሸሽ ሲጀምር ግን የቀሩት «የመከባበር ደንብ ይኑረን» አሉት። እሺ አለ። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ሌሎች ሰዎች ለራሳቸው ማኅበር ዓመት ሙሉ ተከራክረው የጻፉትን ደንብ ገልብጦ ለጠፈው። የማኅበሩን ስም ብቻ ቀየረ።

አላነበበውም።

እንግዲህ ያን ዕለት የተቀመጠው ዓይነ ስውራንን የሚረዳ ድርጅት ስብሰባ ክፍል ውስጥ ነው። ድርጅቱ ፕሮግራሙን በንባብ ክፍሎቹ ሁሉ ሊያስገባ፣ እሱንም የሥራው ኃላፊ ሊያደርገው እያሰበ ነበር። ይህን ወንበር ስድስት ዓመት ተመኝቶታል። ሸሚዙን ሁለቴ ነው የተኮሰው።

«ቅሬታ የሚቀበሉት የምተማመንባቸው ሰው ናቸው» አለ። «እኔው ነኝ የመረጥኳቸው።»

«ስንት ቅሬታ ደረሳቸው?»

«አንድም የለም። እኛ ዘንድ ሰላም ነው።»

«በደንብ ያውቋቸዋል?»

«እንዴታ... በየሳምንቱ እናወራለን።»

ከጠረጴዛው ጫፍ ሹራብ የደረቡ አንዲት አሮጊት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሊቁ ሲገባ ቃለ ጉባኤ ያዥ መስለውት ሰላም እንኳ አላላቸውም።

«ልጄ» አሉ፣ «እኔ አንተን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

ሊቁ ዞር ብሎ አያቸው።

እኚህ እናት ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው። ሊቁ ደንቡን በገለበጠበት በዚያኛው ማኅበር ቅሬታ ተቀባይ ናቸው። ደንቡ ግርጌ ላይ «የተበደለ ሰው በዚህ ይጻፍ» የሚለው አድራሻ የእሳቸው ነበር። ሊቁ ከነአድራሻው ነው የገለበጠው።

ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ የሰደበው ሰው ሁሉ ለእሳቸው ሲጽፍ ኖሯል። ድርጅቱም ስለ ሊቁ ሊጠይቅ በዚያው አድራሻ ጻፈ... ደረሳቸው።

«አርባ አንድ ደብዳቤ አለኝ» አሉ። (ወይስ አርባ ሦስት... እዚህ ላይ ነው የምጠራጠረው።) «አደራ ስለሆነ አላሳይም። ቁጥሩን ግን ተጠይቄአለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለ ሊቁ።

«ሦስት ጊዜ ጻፍኩልህ እኮ። አድራሻው የኔ ነው፣ አርመው አልኩህ። ገጹ ላይ መልሰህልኛል።»

«አላስታውስም...»

ሰብሳቢዋ ዓይነ ስውር ናቸው። ገጹን ከፍተው ቁልፍ ተጫኑ። የሊቁ ፕሮግራም የሊቁን መልስ ጮክ ብሎ አነበበ።

«መጀመሪያ ደንቡን አንብቢ። ከዚያ ትጽፊያለሽ።»

ፕሮግራሙ እዚህ ላይ አቆመ።

«አለቀ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«አላለቀም» አሉ አሮጊቷ። «የመጨረሻውን መስመር ውጦት ነው። ‹ጊዜዬን አታባክኚ› ይላል።»

ማንም አልሳቀም። ቢሳቅበት ይሻለው ነበር።

አሮጊቷ ለደብዳቤዎቹ ሁሉ መልስ ሰጥተው ነበር። «ሰውዬውን ተዉት፣ ሥራውን ግን አትተዉ» ነው ያሏቸው። ኦፕሬተሯና መምህሩ ከሌሎቹ ጋር ሆነው የፕሮግራሙን ቅጂ ወሰዱ። ክፍት ስለሆነ ይፈቀዳል። አብረው አረሙት፤ የእነሱ መስመር አይውጥም። አሮጊቷ በእነሱ ፈቃድ ያን ዕለት ይዘውት መጥተው ነበር።

ድርጅቱ የመረጠው ይህንኑ የታረመ ቅጂ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችውም ጆሮዋን እንድትመረመር የተነገራት ሴት ናት።

የመጨረሻውን ወሬ የነገረችኝ እህቱ ናት። ባለፈው ወር ነው፣ ሐሙስ ይመስለኛል። ሊቁ ለአዲሶቹ ሰዎች አንዲት ትንሽ እርማት ላከ። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም።

ከኦፕሬተሯ መልስ መጣ።

«እንኳን ደህና መጣህ። ሁለተኛው መስመር ላይ ትንሽ ስህተት አለች፣ አብረን እንየው?»

«አመሰግናለሁ» ብሎ ጻፈ... ሰረዘ። ደግሞ ጻፈ... ደግሞ ሰረዘ። እህቱ ምሳ አቅርባ ስትጠራው እዚያው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ነገር የለም።

ትምህርቱን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። የመከባበር ደንብ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ አይደለም። እየለጠፉ የማያነቡት ሰዎች ደግሞ ከሚሳደቡት ሁሉ የባሱ ናቸው... ተሳዳቢው ቢያንስ ጨዋ ነኝ አይልም።

እናንተስ? በኦፕሬተሯ ቦታ ብትሆኑ «እንኳን ደህና መጣህ» ትሉት ነበር? እኔ እንጃ... እስቲ ጻፉልኝ።