ፔዳል የሌለው ብስክሌት

"ፔዳሉን አውልቀህ ጣለው።"

አስማረ የሰማውን ማመን አቃተው…

እንጅባራ ውስጥ ብስክሌት ሲጠግን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ፔዳል ግጠምልኝ እንጂ አውልቅልኝ የሚል ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም።

"አባቴ፣ ፔዳል ከሌለው በምን ይነዱታል?"

"የሚነዳው የለም። እየተገፋ ነው የሚሄደው።"

ሰውዬው አያ ቢሻው ይባላሉ። ከዘንገና ሐይቅ በኩል በጋሪ ጭነው ያመጡት ብስክሌት ከአስማረ በዕድሜ ይበልጣል… መሪው እንደ በሬ ቀንድ ሰፊ፣ ጎማው ወፍራም፣ ኮርቻው የሽቦ ሞላ ያለው፣ የድሮ ከባድ ብስክሌት ነው።

ትእዛዛቸውም ብዙ ነው። ዝገቱ ተፍቆ ቀለም ይቀባ። አዲስ ጎማ ይግባለት። ፍሬኑ ይቀየር፣ "ቁልቁለት ላይ የማያመልጥ ይሁን" አሉ። ኮርቻው ሰፋ ይበልና ቀይ ከፋይ ይልበስ።

"ቶሎ በልልኝ ልጄ… ቀኑ እያለቀ ነው።"

ይህን ብለው በእግራቸው ወደ ዘንገና ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስማረ ሱቅ ውስጥ ደስ የማይል ነገር መጣ።

ወደ ግድግዳ አዙሮት የሄደው ብስክሌት ጠዋት ሲከፍት ፊቱን ወደ በር አዙሮ ይጠብቀዋል። ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው…

ውኃ የሚያመላልሰው የጋሪ ፈረስ ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ጆሮውን አቁሞ አልሄድም ይላል። ባለጋሪው ቢገርፈው፣ ቢለምነው… ንቅንቅ የለም።

ጎረቤቱ ኪዳኑ ባጃጅ ነጂ ነው። አንድ ቀን ቀዩን ከፋይ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አስማረ… ይሄ ነገር አልገባህም?"

"ምኑ?"

"ሰው ሲሞት ፈረሱን ከፋይ አልብሰው ለቅሶው መሐል ባዶውን አይስቡትም? አያ ቢሻው ፈረስ የላቸውም። ያላቸው ይሄ ነው። የራሳቸውን ለቅሶ እያሰናዱ ነው!"

አስማረ ደነገጠ። የሚነዳው የለም… እየተገፋ ነው የሚሄደው… ቀኑ እያለቀ ነው…

ሁሉም ገጠመለት።

ታዲያ ይህ የዋህ ሰው ምን ብሎ አሰበ መሰላችሁ?

"ብስክሌቱ ካላለቀ አይሞቱም።"

አትሳቁበት! አያቱ "የፈረሱ ልብስ ተሰፍቶ ሳያልቅ ባለቤቱ አይሞትም" እያሉ ነው ያሳደጉት።

አዲሱን የፊት ጎማ ጠረጴዛ ሥር ደበቀው።

አያ ቢሻው በሦስተኛው ቀን መጡ። "አለቀ?"

"ጎማው ከባሕር ዳር አልደረሰም አባቴ።"

በሳምንቱ መጡ። "አለቀ?"

"ነጋዴው ነገ እልካለሁ ብሏል።"

ሽማግሌው አይቆጡም። ኮርቻውን በእጃቸው ደባብሰው ይመለሳሉ። በመጡ ቁጥር ከስተው፣ ጠቁረው… አስማረ ግን "ይኸው በእኔ ነው በሕይወት ያሉት" እያለ በልቡ ይደሰታል።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ።

ከዚያ ቀሩ።

አንድ ቀን… ሁለት ቀን…

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩን ሲከፍት ጎማ የሌለው የፊት ቸርኬ ብቻውን እየዞረ ነበር። ነፋስ የለም። የነካው የለም። ቀስ… ቀስ… እያለ ዞረና እሱ ሲያየው ቆመ።

አስማረ የደበቀውን ጎማ አውጥቶ ገጠመ፣ ሁለቱንም ጎማ እንደ ድንጋይ አጠንክሮ ነፋ፣ ብስክሌቱን ከኪዳኑ ጋር ባጃጁ ላይ ጭነው ወደ ዘንገና በረሩ።

አያ ቢሻው ደጃፍ ድንኳን ተተክሏል።

"ሞቱ!" አለ አስማረ።

ያኔ የድንኳኑ ሸራ ተገለጠና…

አያ ቢሻው ራሳቸው ወጡ!

ኪዳኑ አማተበ።

"መጣህ ልጄ?" አሉ ሽማግሌው። "ማናለብሽን ትናንት ቀበርናት።"

"ማናለብሽ… ማናቸው?"

"ባለቤቴ ናት። ከግምጃ ቤት ከተማ ሙሽራ ሆና በዚህ ብስክሌት ነው ያመጣኋት። ሕመሙ እግሯን ከያዘው ቆየ። ሳልሞት አንዴ በእሱ ወስደህ ሐይቁን አሳየኝ አለችኝ። እኔ ዛሬ መንዳት አልችልም፤ አስቀምጬ መግፋት ግን አያቅተኝም ነበር። ፔዳሉን ያስወለቅሁት እግሯን እንዳይመታት ነው…"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም አባቴ?"

"እንዴት ልጄ! ሽማግሌ ሰው ሚስቴን ላንሸራሽር ነው ብሎ ገበያ መሐል ያወራል?"

ከዚያ የአስማረን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እግዜር ይስጥህ። ከባሕር ዳር ድረስ አስመጥተህ ደክመህልኛል። አንተ ምን ታደርግ… ቀኗ ነው።"

አስማረ ብስክሌቱን ከባጃጁ አውርዶ አቆመላቸው።

አያ ቢሻው መሪውን ያዙና ብስክሌቱን እየገፉ የሐይቁን መንገድ ተያያዙት። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ያዝ… ለቀቅ… ያዝ… ለቀቅ… ከባዶው ኮርቻ ጋር በአገውኛ እያወሩ።

አስማረና ኪዳኑ ከኋላ ቆመው አዩ።

የኋላው ጎማ ሰው እንደተቀመጠበት ረግቦ ነበር።

ይህን የነገረኝ ራሱ አስማረ ነው። እኔም ሰምቼ ቤቴ ስገባ በሬን ሁለቴ ቆልፌያለሁ፣ አልዋሻችሁም።

ትምህርቱ… አስማረ ክፉ ሰው አይደለም። ዕድሜ ልቀጥልላቸው ብሎ ነው። ግን ሳይጠይቅ በግምት ደግ ሆነ፤ ግምቱም የአንዲትን ሴት የመጨረሻ ምኞት በላ። አባቶች "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ያሉት ወደው አይደለም። ለሰው ደግ ልትሆኑ ስትነሡ መጀመሪያ ጠይቁት!

አስማረ ስለ ደበቀው ጎማ ለሽማግሌው እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም። አያ ቢሻው ግን ገበያ በወጡ ቁጥር ሱቁ ጎራ ብለው ይመርቁታል… ምርቃቱ እንቅልፍ ነሥቶታል።

እናንተ ብትሆኑ እውነቱን ተናግራችሁ የሽማግሌውን ልብ ዳግም ትሰብራላችሁ? ወይስ ዝም ብላችሁ ምርቃቱን እየተቀበላችሁ ትኖራላችሁ?

ኮመንት ላይ ጻፉለት… አስማረም ያነበዋል።