ጥርሱን የተቀበለ

አጎቱ ዋይሳኬ ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው ወደ ክፍሉ ሲገቡ፣ ኢሶአ ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። ሰሌዳው ላይ የጻፈው ገና ግማሽ ነው፤ «ማንም ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ» ይላል። ጦሩ ሥልጣን ከያዘና ሕገ መንግሥቱ በሬዲዮ ከተሻረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እስካሁን ሕገ መንግሥቱን የሚያስተምር ኢሶአ ብቻ ቀርቷል። አጎቱ ደግሞ ከመንደራቸው ወደ ዋና ከተማው ሱቫ የሚመጡት ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ብቻ ነው። ከኋላቸው ሁለት ወታደሮች በሩን ሞልተው ቆሙ።

ሽማግሌው ወንበር አልፈለጉም። ተማሪዎቹ ፊት ወለሉ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡና ከጨርቅ ውስጥ በአገሩ ልማድ ብርቱ ልመና የሚቀርብበትን የዓሣ ነባሪ ጥርስ አወጡ። የዕድሜ ብዛት አቅልቶታል፤ ማንጠልጠያው ገመድ የተጎነጎነ ነው። ይህን ጊዜ የፊጂ ነባር ሕዝብ ልጆች የሆኑት ተማሪዎች አንድ በአንድ ከወንበራቸው ወረዱ። ጥርስ በቀረበበት ከፍ ብሎ መቀመጥ ነውር ነው። ኢሶአም ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ምን ያድርግ? ልማዱ የማያስራቸው፣ ከሕንድ የመጡት ሰዎች የልጅ ልጆች፣ በየወንበራቸው እንደተቀመጡ ቀሩ።

«ጋሼ፣ እባክዎ እዚህ አይሁን» አለ ኢሶአ በሹክሹክታ። «እያስተማርኩ እኮ ነው።»

«አየሁ። ዓይኔ ደከመ እንጂ አልጠፋ።»

ከኋላ አንዱ ሳቅ አመለጠውና መልሶ ዋጠው።

«ልጄ» አሉ ዋይሳኬ ጥርሱን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው፣ «እናትህ ስትሞት በእነዚህ እጆች ነው የተቀበልኩህ። ዛሬ አንተ ተቀበለኝ። ይሄን ትምህርት ተው። ተሽሯል ካሉ ተሽሯላ፣ አንተ ምን አገባህ? ዛሬ ጠዋት በካሚዮን መንደር ድረስ መጡብኝ። ካስተማረ ወደ ካምፕ ነው አሉኝ።» ጥርሱን ወደ እሱ አስጠጉ። «ሰው ከዚያ ምን ሆኖ እንደሚወጣ አይቻለሁ።»

ለኢሶአ ወደፊትም ገደል፣ ወደኋላም ገደል ሆነበት። ጥርሱን የተቀበለ ሰው የተለመነውን ፈቅዷል፤ ያን ቃል የሚያጥፍ አይገኝም። አልቀበልም ቢል ደግሞ ያሳደጉትን ሰው በልጆች ፊት አዋረደ፤ እሳቸውም ከእንግዲህ መንደር ውስጥ ቀና ብለው አይሄዱም። ወታደሮቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ፣ የዚያው አገር ልጆች ናቸው። በጉልበት ያቃታቸውን በአጎቱ አስለመኑ። ኢሶአ ተናደደ፣ ፈራም። ከሁሉ ይልቅ ግን አጎቱ አሳዘኑት።

«ዶክተር፣ ሽማግሌ አያስጠብቁ እንጂ» አለ አሥር አለቃው ከበሩ።

ኢሶአ እጆቹን ዘረጋና ተቀበለ። ወለሉ ላይ ያሉት በልማዱ መዳፋቸውን አጉብጠው ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ። ጥርሱ ከመሰለው ይከብድ ነበር። ተነሥቶ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ሂዱ ሊላቸው ወደ ተማሪዎቹ ዞረ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች ኡርሚላ ከፊት ወንበር። ዓመቱን ሙሉ ጥያቄዋ አልቆ አያውቅም። «የለመኑት እሱን ብቻ ነው ወይስ እኛንም?»

ዋይሳኬ ግራ ተጋቡ። በልማድ ነገር ቀልድ አያውቁም። «የእህቴን ልጅ ነዋ! አንቺን ማን ለመነሽ?»

«እንግዲያው ጥሩ» ብላ ተነሣች።

ጠመኔውን አንሥታ ከኢሶአ ጽሑፍ ቀጥላ «አይታሰርም» ስትል ጻፈች። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞረችና ልክ እሱ እንደሚያደርገው መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ፣ «እሺ፣ ይሄ ለምን ተጻፈ?» አለች። አሥር አለቃው በሬዲዮ መነጋገር ጀመረ። ሽማግሌው በመልሳቸው ለልጅቷ ምን በር እንደከፈቱላት አሁን ገብቷቸው ፊታቸውን በጨርቁ ሸፈኑ።

ተቀመጪ፣ አንቺ ልጅ ተቀመጪ! ኢሶአ እንዲህ ብሎ ሊጮህ ነበር። ለእሱ የተደገሰው ወደ እሷ ሲዞር ታየው። ግን በምን አፉ? መዳፍ አሳርፎ መጠየቅን ያስተማራት ማን ሆነና!

በኮሪደሩ የቦት ጫማ ድምፅ ቀረበ። ኢሶአ ሄዶ ባዶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ጥርሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ደብተሯን ገለጠና፣ እንደ ተማሪ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሳይጠፋ መገልበጥ ጀመረ።