በእናቷ ስም

ሱራፌል መርከብ ላይ ሥራ ከያዘ ወዲህ በኢንተርኔት እየደወለ እናቱን ያጫውታቸው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን ድምፁ ጠፋ። ስልካቸው ኢንተርኔት እምቢ ማለቱን ሲናገሩ፣ አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ምንትዋብ፣ "አርጅቶ ነው። ሱራፌል ቢፈልግሽማ በኔም ስልክ ይደውል ነበር። ከኔ ሌላ ማን አለሽ እማዬ?" አለቻቸው። እናት አልቅሰው አልቅሰው በመጨረሻ አንጀታቸው ቆረጠ፤ ፎቶውን ከሳሎን ግድግዳ አወረዱት።

ዛሬ ምንትዋብ ሥራ እንደሄደች ስልኩን ለተከራያቸው ለመምህሩ አሳዩት።

"ስልኩስ ደህና ነው፤ ለቤቱ ኢንተርኔት የሚያድለውን የራውተሩን ሴቲንግ ልየው" አለ።

ራውተሩ የይለፍ ቃል ጠየቀ። ከሥሩ የተለጠፈው አልሠራም፤ ተቀይሯል።

"የኔን ስም ሞክር" አሉ እናት ፈገግ ብለው። "ልጄ ለሁሉም ነገር የኔን ስም ነው የምታደርገው።"

ተከፈተ። እናት ኮራ አሉ።

"ኢንተርኔቱን የሚጠቀሙት እነዚህ ናቸው። ይሄ ቴሌቪዥኑ ነው። ይሄ የምንትዋብ ስልክ። የእርስዎ ግን..." መምህሩ ጣቱን ስክሪኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ። "የእርስዎ እንዳይገባ ተከልክሏል።"

"ተበላሽቶ ይሆናላ።"

"በራሱ አይከለከልም እትዬ። ሰው ገብቶ ነው።"

ክልከላውን ሲያነሳው ስልኩ በእናት መዳፍ ውስጥ ይንጫጫ ጀመር። የድምፅ መልእክት በላይ በላዩ ገባ። የመጨረሻውን ነኩት።

"እማዬ፣ ምንትዋብ ያለችኝ እውነት ነው?" አለ ሱራፌል። "ድምፄን መስማት አስጠልቶሻል?"