በገዛ ክፍሏ
"ፀሐይ ላይ ያዋልነው ጣሳ ውስጥ የነበረው ውሃ የት ሄደ?" ስትል ከዩኒቨርሲቲው ለልምምድ የተላከችው ወጣት ጠየቀች። ዓመቱን ሙሉ ትንፍሽ ብላ የማታውቀው ልጅ እጇን አወጣች። ከኋላ የተቀመጠችው የክፍሉ መምህርት ዓይኗን ማመን አቃታት። እሷ ይህችን ልጅ ለማናገር ያልሞከረችው ዘዴ አልነበረም፤ ለምናታለች፣ ተቆጥታታለች፣ እናቷንም አስጠርታለች። ወጣቷን ሊገመግም የመጣው የዩኒቨርሲቲ መምህር ወደ ክፍሉ መምህርት ጠጋ ብሎ፣ "ለማስተማር የተፈጠረች ናት፣ አይደል?" አላት። ቅናት አንገበገባት።

ልጅቷ ቆማ በለሆሳስ "ውሃው... ውሃው ወደ..." ማለት ጀመረች።

"ጮክ በይ እንጂ! ማን ይሰማሻል?" አለች መምህርቷ ከኋላ።

ልጅቷ ኩምሽሽ ብላ ተቀመጠች። ወጣቷ ጠመኔዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። መምህርቷ ይህን ስታይ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ደስ ስላላት አፈረች። ተነሥታ ሄዳ ከልጅቷ ጎን ዴስኩ ላይ ተጣበበችና እጇን አወጣች።

"መምህርት፣" አለቻት ወጣቷን፣ ቃሉ እሬት እሬት እያላት፣ "እኔና እሷ አብረን ብንሞክር ይፈቀድልናል?"