የቶማ አማካይ

አሰልጣኝ እስጢፋኖስ ክንድ የምታህል የውሃ ጎማ ቁራጭ ነበረችው። ከፊሽካው ጋር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል። ሶዶ ውስጥ ያለው የአንድ የግል ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን በተሸነፈ ቁጥር ጎማዋ ሥራ ታገኛለች።

በዚያ ቅዳሜ ሥራ ያገኘችው ቶማ ጀርባ ላይ ነው። ልጁ ከቡድኑ ሁሉ ቁመተ ረጅምና ልበ ሙሉ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ኳስ ቅርጫቱን እንቢ አለችው። እስጢፋኖስ በሰው ፊት እያዞረ ለበለበው። ከንፈሩንም ቀደደው፤ ደሙ ማልያው ላይ ወረደ። እስጢፋኖስ ራሱ በሚያሠለጥነው የሴቶች ቡድን የምትጫወተው የቶማ ታናሽ እህት ሶልያና እሪ አለች።

"ዝም በይ! ያንቺም ተራ ይደርሳል!" አላት አሰልጣኙ።

የስታቲስቲክስ መምህሯ ፍሬሕይወት ዳር ተቀምጣ ነጥብ ትመዘግብ ነበር። እየሮጠች መሃል ገባች።

"ኮች፣ በፈጠረዎት! ልጁን ሊገድሉት ነው እንዴ?"

"ላሳድገው ነው እንጂ! ራስሽ የመዘገብሽውን ተናገሪ፤ ስገርፈው በሚቀጥለው ጨዋታ ነጥቡ ይወጣል፤ ሳመሰግነው ይወርዳል። ውሸት ነው?"

ውሸት አልነበረም። ያበገናትም ይኸው ነው።

"የሚገርፉት እኮ በጣም በወረደበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ያው የዘወትሩ አቋሙ ነው። ዶፍ በጣለ ማግስት ዝናቡ ቀለል ይላል፤ ታዲያ ደመናውን ማን ገረፈው?"

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አንቺ ኳስ ነክተሽ ታውቂያለሽ?"

ነገሩ ከኮሌጁ ዲን አቶ ገበየው ዘንድ ደረሰ። ገበየው ራሳቸውም በአርጩሜ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም ቡድኑን ሰብስበው ፈረዱ። እስከ ዞኑ ውድድር ፍጻሜ ድረስ ማንም አይመታም። የቶማ አማካይ ነጥብ ካደገ ጎማዋ ለዘለዓለም ትጣላለች። ከወረደ ግን አሰልጣኙ እንዳሻው ያድርግ፤ መምህርቷም አፏን ትዝጋ።

"ከወረደማ፣" አለ እስጢፋኖስ ጎማዋን እያሻሸ፣ "የሱን ድርሻ ሁሉም ይካፈለዋል። ከሶልያና እጀምራለሁ።"

ሲወጡ ቶማ ፍሬሕይወትን ተከተላት። "ቲቸር፣ ግን እኮ እውነቱን ነው። ሲመታኝ ነው የሚገባልኝ።"

"ሞኝ!" ብላ ሳቀችበት። "አንተም አመንከው? አርፈህ ተጫወት፤ ቁጥሩ ራሱ ይመሰክርልሃል።"

እውነትም መሰከረ። ቶማ ገሱባ ከተማ በተደረገው ጨዋታ እንደ ጉድ አገባ። የሚቀጥለውንም ደገመው። አማካዩ ሽቅብ ወጣ፤ ፍሬሕይወት ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት። አንድ ነገር ብቻ ከነከናት። በዚያ ኮረኮንች መንገድ ሚኒባሱ ውስጥ ወንበር እያለ ቶማ ጎንበስ ብሎ ቆሞ ነበር የተመለሰው። ቀና ብላ ስታይ ከፊት ወንበር እስጢፋኖስ ፈገግ ብሎ ያየዋል።

ቢጠና ከተማ በተደረገው ጨዋታ ጉዱ ወጣ። ቶማ በመጨረሻው ደቂቃ አሸናፊዋን አግብቶ ሲዘል፣ ከማልያው ጀርባ ላይ ደም ፈሰሰ። ፍሬሕይወት ሮጣ ማልያውን ገለጠችው። ወይ አምላኬ! ጀርባው በሙሉ ተተልትሏል። የቆየ ሰንበር ላይ ትኩስ ሰንበር ተደርቧል።

"ማነው? ንገረኝ፣ ማነው?"

ቶማ አንገቱን ደፋ። አሰልጣኙ አጠገቡ ቆሟል።

"ቃልህን በላህ!" ብላ ጮኸችበት፤ አንቱታውም ቀረ። "አንተ አውሬ!"

"በእግዚአብሔር ስም እላለሁ፣ አልነካሁትም!" አለ እስጢፋኖስ።

ማን ይመነው? የስንት ወር ቂም ነው የተጠራቀመው! ተጫዋቾቹ ተረባረቡበት። አንዱ በቡጢ ጥርሱን አረገፈው፤ ሌላው ወድቆ ሳለ ጎኑን በእርግጫ አለው። ያቺኑ ጎማ ከአንገቱ ነጥቀው ፊቱን ሸነተሩት። ጠብ በተነሳበት የማይጠፋው የቶማ የዶርም ጓደኛ ቤኒ ብቻ ፈቀቅ ብሎ ያለቅስ ነበር። ቶማ ደግሞ "ተዉት! እባካችሁ ተዉት!" እያለ አሰልጣኙ ላይ ተደፋበት፤ እርግጫው ለሱም ደረሰው። ለገረፈው ሰው እንዲህ መራራቱ የፍሬሕይወትን ልብ በላው።

እስጢፋኖስን የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ዱቦ ሆስፒታል አስተኙት። ከሥራም ተባረረ። አቶ ገበየው ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

"እንግዲህ ልጁ እየተመታ ነው ያሻሻለው። ስለዚህ ጎማው ይሠራል ማለት ነው፤ አይደለም?"

"አይሠራም!" አለች ፍሬሕይወት። "አሁን የሚመታው ሰው የለም። ፍጻሜው ብቻውን ይቆጠር። ካገባ መምታት በጽሑፍ ይከልከል።"

"ካላገባስ?"

"ካላገባ ለአዲሱ አሰልጣኝ ጎማውን በእጄ እሰጠዋለሁ።"

ይህንንም ለቡድኑ ሁሉ ራሷ ነገረች። ቶማ ሰምቶ "ሎኦ፣ ቲቸር" ብቻ አላት፤ በወላይትኛ ጥሩ ማለቱ ነው።

በፍጻሜው ቀን ከምሳ በኋላ ለጀርባው ቅባት ገዝታ ወደ ዶርሙ ሄደች። ደስ ብሏታል፤ እያንጎራጎረች ነበር የደረሰችው። በሩ ገርበብ ብሏል። ቶማ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ከኋላው ቤኒ ቀበቶ ይዞ ይንሰቀሰቃል።

"እንደ ቢጠናው ጠንከር አድርግ እንጂ ቤኒ!" አለ ቶማ። "ዛሬ ከወረድኩ እኮ እነሶልያና ናቸው የሚገረፉት።"