ደቂቃዬን ለዋንዳ ሰጥቻለሁ

«ወይዘሮ ዋንዳ፣ ሰዓትዎ አልቋል!» አለ የከተማው ምክር ቤት ሊቀመንበር ኮርትላንድ፣ በመዶሻው ጠረጴዛውን እየመታ።

«ምኑ ያልቃል? ገና መች ጀመርኩና!» አለች ዋንዳ ማይኩን ጨምድዳ እንደያዘች። ወደ ኋላዋ ዞረች። «ማነው ባለተራ?»

የቀድሞው እሳት አደጋ ሠራተኛ ኦርቪል ከወንበሩ ተነሳ። «ደቂቃዬን ለዋንዳ ሰጥቻለሁ» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ደንቡን ያወጡት ራሳቸው የምክር ቤቱ አባላት ናቸው። ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ፤ መናገር ያልፈለገ ድርሻውን ለሌላው መስጠት ይችላል። ስብሰባ ቶሎ እንዲያልቅ ብለው ነበር። አሁን ይኸው፣ አዳራሹን የሞሉት የከተማው ጡረተኞች እየተነሱ ድርሻቸውን ለዋንዳ ይሰጣሉ። ጉድጓድ ሲምሱ አያርቁም ይባል የለ!

ከተማዋ ከስራለች። የምክር ቤቱ እቅድ ውሃውን ለአርባ ዓመት ለግል ኩባንያ ማከራየት፣ የጡረተኞቹን የሕክምና ዋስትና ደግሞ መሰረዝ ነው። እቅዱ ጸድቆ እስከ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት የኪሳራውን ጉዳይ ለያዘው ፍርድ ቤት ካልገባ ይወድቃል፤ ያኔ ከጡረተኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ መደራደር ግድ ነው። ተናጋሪ ሳይጨርስ ደግሞ ድምፅ አይሰጥም። የዋንዳ ባል ክሌም ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ ደሙ በማሽን እየታጠበ ነው የሚኖረው። ዋስትናው ከቀረ ክሌምም የለም።

«ሰላሳ ዓመት የኦሃዮን በረዶ በመኪና ስጠርግ ኖሬያለሁ» አለች። «አንተስ ደጃፍህ ላይ የተቆለለው በረዶ በገዛ እግሩ የሄደ መሰለህ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

«ይሄ ከአጀንዳው ጋር ምን አገናኘው?» አለ ኮርትላንድ።

«‹አንቺ ጥረጊ፣ ስታረጂ እኛ እናሳክምሻለን› ተባባልን። እኔ ጠርጌያለሁ። እናንተስ?»

እንዲህ እያለች ስንቱን ስታወራ ዋለች! በመጨረሻ ድርሻውን የሚሰጣት ሰው አለቀ። የደቂቃ መቁጠሪያው ደወል ሲጮህ ለአስራ አንድ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይቀር ነበር።

ኮርትላንድ መዶሻውን አነሳ። «ሌላ ሰጪ ከሌለ፣ ወደ ድምፅ አሰጣጡ…»

«እኔ አለሁ።»

በሩ አጠገብ አንዲት ደቃቃ አሮጊት ምርኩዟን ተደግፋ ቆማለች። ኧርነስቲን ናት፤ ከውሃ ቢሮ ጡረታ የወጣች፣ የሊቀመንበሩ እናት።

«እማዬ፣ ኧረ ተይ!»

«እዚህ እማዬ የለችም። ጡረተኛ ነኝ። ደቂቃዬን ለዋንዳ ሰጥቻለሁ።»

ኮርትላንድ ፊቱ ቀላ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለአንቺ እኮ እኔ አለሁልሽ።»

«ለእኔስ አለህልኝ፤ ለክሌም ማን አለለት?»

መዶሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ሰዓት መቁጠሪያውን ከሦስት ደቂቃ ጀመረው።

ዋንዳ አፏን ከፈተች። አንድም ቃል አልወጣት አለ። ማይኩን ግን አልለቀቀችም። ዓይኗን ከሊቀመንበሩ ላይ ሳትነቅል ቆመች፤ ከኋላዋም ጡረተኛው ሁሉ አንድ በአንድ ብድግ አለ። ሰዓቱ ወደ አስራ አንድ ይሄዳል።