ከልቡ ጋር የማይሄድ እግር

ኪርስቲ ከልብ ምት መመዝገቢያው መሣሪያ የወጣውን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየችው፤ ፊቷም ተለወጠ።

«ባለፈው ሳምንት እንዲህ አልነበረም» አለች ነርሷ አልጋው ላይ ወደተኛው በሽተኛ ዞራ። «የልብ ምት መዛባት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ይጋልባል፣ አንዱ ይዘገያል። የእርስዎ ልብ የላይኛው ክፍል እየተርገበገበ፣ የታችኛው እንዳሻው የሚመታ ነበር። አሁን ግን በመሐሉ አንድ የተስተካከለ ነገር ይታየኛል። ሐኪሙ ሳያየው ማደንዘዣ አንሰጥም።»

ኤፊ ከወንበሯ ብድግ አለች። ባሏን ላክላንን በካናዳ፣ በኬፕ ብሬተን ደሴት ዳርቻ ካለው መንደራቸው በማለዳ ይዛው የመጣችው፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት ልቡን ወደ ሥርዓቱ እንዲመልሱለት ነበር። እንዲህ የደከመ ልብ ሌላ ክረምት ላይሻገር እንደሚችል ሐኪሙ አልደበቃትም።

ዓይኗ ግን በብርድ ልብሱ ጫፍ ላይ ዐረፈ። ጨርቁ ከፍ ዝቅ ይላል።

«አንተ ሰውዬ! እግርህን!»

«ምን አደረገ?»

«እየመታህ ነው እኮ!»

ላክላን ቀና ብሎ የገዛ እግሩን እንደ ባዕድ ተመለከተው። «እኔ እኮ ጸጥ ብዬ ተኝቻለሁ።»

ኪርስቲ ሳቋ አመለጣት። «ቅድም የማን ልጅ ነሽ ብለውኝ የለ? የቫዮሊን ተጫዋቹ የአላስዴር የልጅ ልጅ እኮ ነኝ፤ ቫዮሊን ተጫዋች ምቱን በእግሩ እንደሚመታ፣ ወረቀቱ ላይ የገባውም እሱ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።»

«አላስዴር?» አለ ላክላን። «እሱማ ፈረስ የሚያባርረው ይመስል በጥድፊያ ነበር የሚጫወተው። ጨፋሪው ገና ሲዞር እሱ ጨርሶ ሻዩን ይጠጣል።»

ኤፊ አልሳቀችም። እጇን በእግሩ ላይ አኖረች። በዚህ እግር ሥር የስንት ወጥ ቤት ወለል ጮኋል! ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ መስኮቱ በሰው ትንፋሽ ላብ አውጥቶ፣ እሱ ቫዮሊን ሲጫወት እሷ በፒያኖ ትከተለው ነበር። በአገራቸው ወግ ፒያኖ ቫዮሊንን ይከተላል እንጂ አይመራም፤ ቀና ብላ ሳታየው፣ በወለሉ በኩል በሚደርሳት ምት ብቻ ዜማው የት እንደሚዞር ታውቅ ነበር።

«በሐሳብህ የትኛውን ዜማ ነው የምትጫወተው?»

«በእናትሽ ቤት፣ የምድጃው ቧንቧ የወደቀ ለት የተጫወትነውን። ወደ ማለቂያው ደርሻለሁ፤ ትንሽ ታገሺኝ።»

«አልታገስህም። አቁም።»

በዕድሜዋ አቁም ብላው አታውቅም። የላክላን እግር ከመዳፏ ሥር ቀስ ብሎ ዐረፈ።

ኪርስቲ ሌላ ወረቀት አወጣች። ያ የተስተካከለው ነገር ጠፍቷል፤ የቀረው ብቻውን የሚንገዳገድ ልቡ ነው።

«የድሮው ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እንቀጥላለን።»

ሐኪሙ መጣ፤ ላክላን በማደንዘዣው አንቀላፋ። ንዝረቱ ሲያልፍ ትከሻው ከአልጋው ተነሥቶ ወደቀ። ሁሉም ምቱን ወደሚያሳየው የመሣሪያው ማያ ገጽ ዞሩ።

ኤፊ አልዞረችም። ሁለት ጣቶቿን በእጁ አንጓ ላይ አኖረች። ምንም የለም። ከዚያ አንድ ምት መጣ። ጣቶቿን ሳታነሣ ቀጣዩን ጠበቀች።

ቀጣዩም፣ ልትጠብቀው በምትችልበት ቦታ፣ መጣ።